ሰባተኛው ሰሌዳ

እኔ የቀለም ሰው፣ የሱቅ ደጅ ጸሐፊ፣
«እህል ይፈጫል» ባይ፣ «ጸጉር ቤት» ለጣፊ፤
ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ፊደሌን ግን ሁሉ
ሂርማታ ሲገበይ ያነባል በውሉ።

ሲቲና መጣችኝ ከባህልና ቱሪዝም፣
ጃንጥላዋን ዘግታ፣ ጥቂት ብላ ዝም፤
«ሰባት ሰሌዳ ጻፍ፣ በቢጫ ላይ ጥቁር፣
ከጅሬን እስከ ቦዬ እንግዳ እንዲሻገር፤
ቀስት ይኑርበት፤ ኪሎ ሜትር ይኑር፤
የመጣ መንገደኛ እንዳይቀር በዱር።»

እሺ አልኩ። አልነገርኳትም ያፈርኩበትን ነገር፦
ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጅማ ላይ ስኖር
ጉማሬ አላየሁም። ቦዬን በአውቶቡስ
አልፌዋለሁ እንጂ፣ በመስኮት፣ ስመለስ።

ቀለሙ በጣሳ፣ ብሩሹ በኪሴ፣
ሰሌዳው በአህያ፣ ከኋላ እኔ ራሴ፤
ከአሮጌው ቤተ መንግሥት፣ ከእንጨት ሰገነቱ
ጉዞው ተጀመረ፤ ማለዳ ነው ሰዓቱ።
ሲቲና ስልኳ ላይ እርምጃ ትቆጥራለች፤
«ስምንት መቶ ሜትር፤ እዚህ ትከል» ትላለች።
እተክላለሁ፦
        አቮካዶ ሥር፣ ከጫት አጥሩ ጎን፣
        ልጆች ከበውን፣ ሲሉ «ምን? ምን? ምን?»

አባ ዱራ ደጁ፣ በሦስት እግር በርጩማ፣
ቀፎ ይጎነጉናል ሐረግ እያስማማ።
«ቦዬ ስንት ነው?» አልነው። አየን ቀና ብሎ፦
«ብቻህን ከሆንህ ሩቅ፤ ጓደኛ ካለ ቶሎ።
በጭቃ ግማሽ ቀን ነው። ሙሽራ ካጀባችሁ
ገና ዘፈኑ ሳያልቅ እዚያው ናችሁ።
ለቅሶ ከሆነ ግን…»
                ሐረጉን ሳበና ዝም አለ።
«ይሄ በሜትር ስንት ነው?» ሲቲና ጠየቀች።
መልስ ስታጣ ጊዜ «ሦስት ነጥብ ሁለት» ብላ ጻፈች።

ክረምቱ አለፈ።
ለሪፖርት ተመለስን። የመጀመሪያው የለም፤ ጉድጓዱ ብቻ ቀርቷል፤
ውሃ ሞልቶበታል፣ እንቁራሪት ገብቷል።
ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ተጣሞ ነበር፦
ቀስቱ የሚያሳየው የራያን ግቢ በር።
ራያ ማር ትሸጣለች። «ነፋስ ነው» አለችን
ማሩን እያቀመሰች። ነፋሱን አመንን።

ጅረቱ ላይ ደግሞ ድልድይ ሆኖ ቆየኝ፦
ፊደሌ ወደ ሰማይ፣ ጀርባው ወደ ውሃ፣
ባለጠጋ ያልፋል፣ ያልፍበታል ድሃ።
«ቦ»ን እግር ፍቆታል፤ «ዬ» ብቻ ነው ያለው፤
«ዬ» ይላል ሳንቃው ሰው በረገጠው።
በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ
ይህን ያህል ሰው አንብቦኝ አያውቅም፤ ያውም በእግሩ።

አንዱ ቋሚ ኮርች ነበር፣ እርጥቡን ቆርጬው፤
አቆጥቁጦ ቆየን። ቀስቱን፣ ቢጫውን
ቅጠል አልብሶታል።
«ይመልመል?» አልኳት። ወፍ ጎጆ እየሠራ ነበር። ተወችው።

ከዚያ ወዲያ ቀስት የለም። ሰው ግን ነበረ፦
አንዲት ሣር አጫጅ በማጭዷ ጫፍ፣
አንድ ዓሣ አጥማጅ በአገጩ፣ ሳይከፍት አፍ፣
አንድ ሕፃን፣ ዘይቱን እየላሰ፣
በግማሽ ብስኩት ወደ ታች እያሳየ፣
መሩን።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ደንገል ውስጥ ቆምን።
ጉማሬ አላየሁም።
ጆሮ አየሁ፤ ሁለት ጆሮ፣ ውሃ የሚያራግፍ፤
ቀጥሎ ትንፋሽ፣ የመኪና ጎማ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት፤
ከዚያ ውሃው ተገጠመ።
ይብራዎች በላያችን አለፉ። ሲቲና ስልኳን አላወጣችም።

በማግስቱ ቢሮዋ፣ ከቅጹ ግርጌ፦
«ሰሌዳዎቹ በሙሉ አገልግሎት ላይ ናቸው» ብላ ጻፈች።
ፈረምኩ። ውሸት የለበትም።

ሰባተኛው አልተተከለም። ለረግረጉ ዳር ነበር፤
እዚያ የደረሰ ሰው ምን ይነበብለት?
ስሙ ባዶ፣ ቀስቱ ብቻ፣ ከበሬ ኋላ ቆሟል፤
ሸምሲያ ሻሿን ትሰቅልበታለች።
ቀስቱ ወደ አልጋችን ነው።
ማታ ደክሞኝ ስገባ «ስንት ኪሎ ሜትር ቀረህ?» ትለኛለች።
«ጓደኛ ካለ ቅርብ ነው» እላታለሁ።
«እግርህን ታጠብ መጀመሪያ» ትላለች፤ «የት የረገጥከው ጭቃ ነው ደግሞ ይሄ?»