አፈር ቀማሿ

አራል ባሕር ሲሄድ እኔ ገና አልተወለድኩም፤
መርከብ በውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አላየሁም።
የማውቀው ዝገቱን ነው፣ አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ፣
ፍየል ጥላው ሥር ሲያመሰኳ ተከልሎ።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤
የኛው ግን ራሱን ወሰደና ተወልን ጨውና አፈር።

ጎረቤቴ ኡልቦሲን፣ ሰባ ሁለት ዓመቷ፣
ስሟ “ወንድ ይሁን” ማለት ነው፤ ምኞት ነው የናት ያባቷ፤
አምስት ሴት ወልደው ለስድስተኛዋ ያወጡላት።
ሰባተኛዋም ሴት ሆነች።
ስሙ አልሠራም፤ ግን አልቀየሩላት።

በየመጋቢቱ፣ በረዶው ሲለቅ መሬቱን፣
ጓንቷን አውልቃ ተንበርክካ ትዘግናለች አፈሩን፤
ከምላሷ ጫፍ ታደርጋለች አንዲት ቁንጥር፤
ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እንደሚያዳምጥ ሰው የሩቅ ነገር።
“አፈር ብላ” ማለት በሰው ላይ ሞት መመኘት ነው፤
እሷ ስትቀምሰው ግን ለሐምሌ ቀጠሮ መያዝ ነው።

እንትፍ ትላለች። “ጨው ነው፤ ግን ያምናው አይደለም፤
ያምናው ይነክስ ነበር፤ የዘንድሮው ይልሳል።”
እኔም ከጓሮዋ ቀምሻለሁ። ለእኔ ልዩነት የለውም።

ከዚያ ቦዩን ከፍታ ከአሙ ዳርያ የተረፈውን ትለቃለች፤
ውሃው ጨው ይዞ ወደ ታች እስኪሰርግ ትጠብቃለች።
ይደርቃል፤ ትደግማለች። ይደርቃል፤ ትሠልሳለች፤
ለዓይን የሚታይ አንዳች ሳይኖር ባዶ መሬት ታጥባለች።
“ልብስ ቢሆን ይሄኔ በሳሳ” ስላት አንድ ቀን፣
“መሬት ነዋ” አለችኝ፣ “የሚሳሳስ ጨዉ ይሁን።”
ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ይላል ተረት፤
እዚህ ጸሎቱ ሌላ ነው፦ ለራስህ ስትል ስረግ፣ ልቀቅልን መሬት።

ባሏ ቃሊሙራት ዓሣ አጥማጅ ነበረ።
“የመረብ ትዕግሥት ሌላ ነው” ይላል፣ ከአጥሩ ሥር ሆኖ፤
“ማታ ትጥለዋለህ፤ ጠዋት ታውቃለህ ቁርጡን።
የሷ ግን! ትተክላለች፤ ከዚያ ለሦስት ለአራት ዓመት
ጠዋት የሚባል የለም፤ አንድ ረጅም ሌሊት።”

በአራተኛው ዓመት ኮኩ አበበ፤ ሮዝ፣ ያለ አንዲት ቅጠል፤
ሰፈርተኛው ሊያይ መጣ፣ ልጅ አዝሎ፣ እንደ በዓል።
ስድስት ቀን ቆየ።
በሰባተኛው ከደረቀው የባሕር አልጋ ነፋስ ተነሣ፤
ነጭ አቧራ፣ ጨው የተሸከመ፣ ፀሐይን የሚያስረሳ።
ሁለት ቀን መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ወትፈን ተቀመጥን።
ሲያልፍ ወጣን።
አበባው እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሲነኩት ይረግፋል።

ታለቅሳለች ብዬ ማጽናኛ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።
(አሁን ረስቼዋለሁ፤ ደህና ቃል ነበር።)
እሷ ግን ባልዲ አምጥታ ዛፉን ታጥበው ጀመር፤
እንደ ሕፃን፣ ከጆሮው ጀርባ ሳይቀር፣
ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ እጇ በውሃ እስኪሸበሸብ አሸችው።
ከዚያ ተንበርክካ ያንኑ አፈር ቀመሰችው፤
ፊቷን አጨማደደች።
“ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ” አለች።
ጥቂት አሰበች።
“ሁለት ነው ግን፤ አራት አይደለም።”
አለችና ባልዲዋን አነሣች።

ቃሊሙራት ቃል አልወጣውም።
ማታ ግን በደጃቸው ሳልፍ በፋኖስ ብርሃን አየሁት፤
ያንን አሮጌ መረብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲሰፋ።
“ባሕር የለ፤ ምን ሊሆንህ?” አልኩት።
“ለወፍ ነው” አለ ቀና ሳይል፤ “ኮክ ሲበስል ወፍ አይምርም፤
ዓይኑ ደግሞ ለዓሣ እንጂ ለወፍ ሰፊ ነው፤ ማጥበብ አለብኝ።”
ኮክ የለም። ወፍም አላየሁም።

ቤቴ ስገባ፣ ዓመታት ጾሙን ያደረው ጓሮዬ ውስጥ፣
ማንም እንዳያየኝ በጨለማ ጎንበስ አልኩ፤
ከምላሴ ጫፍ ቁንጥር አፈር አኖርኩ።
ጨው ነው።
ይሻላል፣ ይብሳል፣ አላውቅም ገና፤
የራሴን አፈር አምና አልቀመስኩምና።