ክር በጥርስ

አርባ ዓመት ሰፍቷል አባቴ ይግዛው፥ ቅዳሜ ገበያ፤
መቀሱ ጌጥ ነበር፤ ክር የሚቆረጠው በጥርስ ነው እዚያ።
ጠዋት አፉን ሲያጥብ፥ የተፋው ውሃ ሮዝ ይመስላል፤
«የድድ ነገር» ይልና ሱቁን ሊከፍት ይሄዳል።

ከዚያ ጣቱ አበጠ።
ክር መርፌ ውስጥ ማሾለክ ዳገት ሆነበት፤
አንጓው በየጠዋቱ የዛገ ማጠፊያ፥ ዘይት የጠፋበት።
«ብርድ ነው» አለች እናቴ። «ዓይን ነው» አለ ጎረቤት።

እኔ ሆስፒታል ነኝ፥ የማታ ተረኛ፥ ሌንሱ ነው ዘመዴ፤
ከድዱ ሥር ፍቄ፥ መስታወት ላይ አንጥፌ፥ አየሁት አንዴ።
ከተማ ነው! አንዱ ይዋኛል፥ አንዱ ይሾራል፥ ሌላው ተያይዞ ይቆማል፤
ድር ቢያብር የሚሉት፥ ለካ ጥርስ ሥርም ድር ይደራል።
ብዙዎቹ ጎረቤት ናቸው፤ ከልጅነቱ ከዘቡ ተላምደው፥
ማን እንደሚያዝ ማን እንደሚታለፍ ያስተማሩት እነሱው።

የጎንደር ነገሥታት ለግቢያቸው አሥራ ሁለት በር ሠሩ፤
ባልደራስ በር፥ እምቢልታ በር፥ ለየበሩ ስም አኖሩ።
የአባቴ ግንብ ግን አንድ በር ነው ያለው፥ ሲስቅ የሚከፈት፤
በድዱ ስንጥቅ አንድ ክፉ እንግዳ ሌሊት ሾልኮ ገባበት።
ገብቶም ግንቡን አልናደም፥ አልዘረፈም፤ ተንኮሉ ሌላ፤
እሱም ልብስ ሰፊ ነው፤ የቤቱን ሰው ልብስ በመላ
እጅጌውን አጠፈ፥ ቁልፉን አዛወረ፥ ኮሌታ ገለበጠ፤
ዘቡም የገዛ ወንድሙን «ማነህ አንተ?» ብሎ በዱላ ቀጠቀጠ።
ጠቡ ከአፍ ተነሥቶ
ጣት ላይ ነደደ።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» እያለ ነው ያሳደገን፥ ቃል እንድንመርጥ፤
ማን አሰበው ሳይወጣ የቀረውን፥ የወረደውን ወደ ውስጥ?
«ርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «አይደለሁም» አልኩት፤ «ሌንሴ እስከ ድድ ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ገና ሐኪሞች የሚከራከሩበት ነው።»

ድዱ ተጠረገ። ለጣቱም ክኒን ይውጣል። ዳነ አልልም፤
ውሃው ግን ነጥቷል።

ትናንት ሱቁ ሄድኩ፤ የሙሽራ ሱሪ ይሰፋል።
ክሩን ይዞ ወደ አፉ አነሣ፤ አየኝ፤
እጁ አየር ላይ ቆመ።
መቀሱን ካንገቱ አወለቀ፥ ሞከረ፤
ያበጠው ጣቱ በቀለበቱ አልገባም።
ቆረጥኩለት።