ልክ ነሽ

ዳካ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ሰፊዎች በላይ፣
ማራገቢያው በሚያቃስት፣ ሰማዩ በማይታይ፣
ኒኪል ክሪስታል ይሰነጥቃል፤
በአልማዝ መጋዝ፣ ምራቁን ውጦ፣
አንድ መቶ ሃያ ስምንት ቦታ
ከፀጉር አሳንሶ፣ ቆራርጦ።
"አትተንፍሱ" ይላል። አንተነፍስም።
አንዷ ቅንጣት ብትሰበር ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ትሆናለች፤
የሕፃን ጣት ትሰውራለች።

ሥራው፣ ሲያስረዱት፣ ቀላል ነው፤
መጥራትና ዝም ማለት ነው።
ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሥጋ መላክ፣
ገደል ማሚቶው እስኪመለስ መጠበቅ፣
በዘገየበት መጠን ርቀቱን ማወቅ።
አጥንት ቶሎ ይመልሳል፣ እንደ ቁጡ ሰው፤
ውሃ ግን ዝም ይላል፣ ጥቁረት ነው መልሱ የሚሰጠው።

የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ ሁለት ዓመት ሣልኩት።
እጀታውን ስሥል፣ የሚይዘው እጅ የማን እንደሆነ
ልብ አላልኩም።
ልብ የሚያይ ዕቃ እየሠራሁ
ልብ አላልኩም።
የለካሁት በራሴ መዳፍ ነበር፣
ሰፊ፣ ደረቅ፣ ወንበር ላይ የዋለ እጅ።
ከወገብ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጣልነው፣ መቶ ጊዜ፤
አልተሰነጠቀም።
ገመዱን አጠፍነው፣ ዘረጋነው፣ አሥር ሺህ ጊዜ፤
አልተበጠሰም።
ወረቀቱን ማኅተም አስመትተን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ከዚያ ሱናምጋንጅ፣ በዝናቡ ወር።
ሜዳው ባሕር ሆኖ፣ መንደር ሁሉ ደሴት፣
በጀልባ ይኬዳል ከቤት እስከ ቤት።
ጆይቱን አዋላጇ ዕድሜዋን አትናገርም፤
አውራ ጣቷ በቁርጥማት ጎብጧል፣ አይዘረጋም።
መዳሰሻውን ተቀበለችኝ፣ አገላብጣ መዘነችው።
"ለማን ነው የሠራኸው?"
"ላንቺ።"
ሳቀች። ከቅርጫቷ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ አወጣችና
አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት።

ሞዩሪ የምትባል ነበረች፣ ዘጠነኛ ወሯን የያዘች፣
ዝናብ ሸራውን እየደበደበ ጀልባው ወለል ላይ የተጋደመች።
ቅባቱ፣ ላቡ፣ ውሃው፣ ሁሉም ያንሸራትታል፤
መቶ ጊዜ ያልተሰበረው አንዴ አመለጠና
ጀልባዋ ከሆዷ ካቆረችው ውሃ ገባ።
ስክሪኑ ጠፋ።
ሲሚንቶን እንጂ ውሃን ማን አሰበ?

ጆይቱን አልተቆጣችም። ሁለት መዳፏን ዘረጋች፣
በሆዱ ዙሪያ ቀስ ብላ ሄደች፣
በገዛ ቤቱ እንደሚሄድ ዕውር።
"ራሱ እዚህ ነው፣ በግራ ጎን። ተጋድሟል።
ሆስፒታል ካልደረሰች በሰላም አትገላገልም።"
ሞተሩ ተነሣ።
እኔ መዳሰሻውን በሸሚዜ ስጠርግ፣ እፍ ስል፣
እንደ ጫጩት ብብቴ ውስጥ ሳሞቀው
ከአንድ ሰዓት በኋላ ነቃ።
ጥሪው ሄደ፣ ማሚቶው መጣ፤
ነጭ ቅስት፣ ራስ፣ እዚያው እሷ ካለችው ቦታ።

"ልክ ነሽ" አልኳት።
ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ፤
ልኩ እሷ ነበረች፣
ሁለት ዓመት ሙሉ የለካሁት ሌላ።

የሞዩሪ ልጅ በቀዶ ጥገና ወጣች፤
ስትጮህ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር።
እኔም እጅ ሰጠሁ። ከውሃው ዳር የሸክላ ጭቃ ዘገንኩና
"ጨብጪልኝ" አልኳት። እየሳቀች ጨበጠችው።
በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ፣
ጭኔ ላይ ታቅፌው ገባሁ።

አዲሱ ቀጭን ነው፤ ወገቡ የሰረጎደ፣
ቆዳው ሸካራ፣ ውሃ የማያስገባ።
አለቃችን "አስቀያሚ ነው" አሉ፣ ዋጋውን ጠይቀው ወጡ።
ቅርፁ ሲወጣ የአውራ ጣቷ አሻራ አብሮ ወጥቶ ነበር፤
ኒኪል በብርጭቆ ወረቀት ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዝኩት።
በጨለማ፣ ሳያዩ፣ ግራን ከቀኝ ለይቶ ለመያዝ
ጣት የሚያገኘው ምልክት ያስፈልገን ነበር።
"ተወው" አልኩት።
መዳሰሻውን የያዘ ሁሉ አሁን አውራ ጣቱን እዚያ ያሳርፋል፤
የማን እንደሆነ ልብ አይል ይሆናል።

ኒኪል ትከሻውን ነቀነቀ። መጋዙን አስነሣ።
"አትተንፍሱ" አለ።