ቋጠሮ

ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው የሰማሁት፤
ግማሽ ጎኔ ከበር ውጪ፣ የሽንኩርት ፌስታል ታቅፌ፣
ሾፌሩ ልጅ ድምፁን ለቆት።
አንድ ጎረምሳ ያወራል፤ ዘፈን ነው አሉኝ፤ ያወራል፣
ቃል በቃል ላይ ይቆልላል፣
ትንፋሽ ሳይወስድ ይጋልባል።
ከቃሉ ሥር፣ ከወለሉ፣
ጊታር አለ።
ቲን ታን፣ ቲን ታን፣ ቲ... ጧ!
ደግሞ መልሶ፣ ቲን ታን፣ ቲን ታን፣ ቲ... ጧ!
«ወራጅ!» አልኩኝ፣ ሳልደርስ ገና፤
ሽንኩርቴን ጥዬ ወረድኩኝ፣
ያቺን «ጧ» አውቃታለሁና።

እኔ ነኝ የወለድኳት።
በሰባ ዘጠኝ፣ ሚያዝያ ማብቂያ፣ ለሠራተኛው በዓል ቀን፣
የፋብሪካው ኪነት ነን፣
አሊጋዝ ድራም፣ እኔ ጊታር፣ ሁላችን ካኪ ለብሰን።
ዜማው የኛ አልነበረም።
የአሰብ መንገድ ሹፌር ተካልኝ፣ በቦቴው ጋቢና ደብቆ፣
ከመርከበኛ የገዛው ሸክላ፣ ዳሩ በፀሐይ ተጣሞ፤
ጸጉራቸው ትከሻ የነካ ፈረንጆች፣ የሚጮህ ጊታር ታቅፈው...
ቃሉ አልገባንም። ጊታሩ ገባን።
«ምንድነው ይሄ?» አለ ካድሬው። «የጭቁኖች ትግል ዜማ»
ብለን ሞላን በቅጹ ላይ፤ ፈረመበት፣ ምንም ሳይሰማ።
ሌሊት ሌሊት ስለማመደው ወደ አምባሰል አዘነበለ፤
እኔ አይደለሁም፣ ጣቴ ነው፤ የለመደው ደጅ ዋለ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ሥራ አስኪያጁ፣ ሚስቱ፣
ከኋላ መኪያ፣ የፈትል ክፍሏ፣
የጥጥ ብናኝ በቅንድቧ።
ለሷ ነበር እንግዲህ፣ ለማንም አልነገርኩም እንጂ።
ጫፉ ላይ ልወጣ ስል፣
ቀጭኗ ክር ጧ!
አገጬን ገረፈችኝ።
ሰው ሳቀ። መኪያም ሳቀች።
የመብራት ሠራተኛው የደቀናት ካሴት ግን
ዝም ብላ ቀዳች።

እንጀራዬ ክር መቋጠር ነበር።
ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ ሮጬ ደርሼ፣
ጫፉን በምራቅ አርሼ፣
በሁለት ጣት ቋጥሬ አስነሳዋለሁ።
ሠላሳ ዓመት። ስንት ሺህ ክር፣ አልቆጠርኩትም።
ያቺን ግን አልቋጠርኳትም።
ጊታሩን ለመጋዘን መለስኩ፣ ካሴቷን ለእህቴ ቁምሳጥን፤
«ተጫወት» ያለኝን ሁሉ «እጄን ያመኛል» አልኩት።

ሙህዲንን፣ የእህቴን ልጅ፣ ደሴ ወጥቼ አገኘሁት።
ከፒያሳ ጀርባ፣ ከጣውላ ቤት ፎቅ፣
የእንቁላል ካርቶን በግድግዳው፣
ጦሳ ጉም ለብሶ በመስኮቱ።
«ሌባ!» አልኩት ከደረጃው።
«ሌባ አይደለም አጎቴ፣ ሳምፕል ነው የሚባለው።»
«ሳምፕልማ እኔ አውቃለሁ! ከጥቅሉ ስንዝር ቆርጠን
ለነጋዴ የምንሰጠው፤ ከወደደ መጥቶ ይከፍላል።
አንተ ቆረጥክ። ከፈልክ?»
«አንተስ?» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ለፈረንጆቹ ከፈልክ?»

ወንበር ስቦ ሰጠኝ። ተቀመጥኩ።

«እሺ፣ ንጹሑ እያለልህ፣ ለምን እዚያች ላይ? እዚያች ላይ?»
ኮምፒውተሩን አዞረልኝ፤ ድምፄ እንደ ሐረጎ መንገድ
ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል።
«ንጹሑን ሞከርኩት» አለ፣ «ማንም ሊጫወተው ይችላል።
እዚህ ስትደርስ ነው አንተ የምትሆነው።
ይኸው፣ ጧ ካለችበት ጫፍ ላይ መነሻዋን ገጠምኩባት፤
ስማ፣ መገጣጠሚያው ይሰማሃል?»

ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ጧ... ቲን። ጧ... ቲን።
ሰባራ የለውም። ጉብታ የለውም።
ያለ ምራቅ፣ ያለ ጣት፣ ልጁ ቋጥሮታል።

ከቋጠሮው ኋላ ግን፣ በጣም ከሩቅ፣ ጭል የምትል...
«ይቺ ምንድናት?»
«እሷማ ጫጫታ ናት፤ ከአዳራሹ ሴት ስትስቅ።
ላጥፋት ብዬ ረሳሁ። አሁን ላጥፋት?»
«ተዋት።
እስቲ አንዴ ድገማት።»

ቲን ታን፣ ቲን ታን፣ ቲ... ጧ!
መብራት ሄደ።
በጨለማው ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን
ቀጣዩን ቲን ጠበቅን።