ሁለት ሚሊሜትር

ሥራዬ መለካት፣ የመንገድ ቁስል ለኪ፣
የአውራጃው ምክር ቤት የዝናብ ወር ተላኪ።
ብጫ ጃኬቴ ላይ ስሜ ተጽፎበታል፤
"ኢድሪስ ፕሮበርት" ይላል፣ ጭቃ ደርቆበታል።
ከመኪናዬ ኋላ ነጭ ቀለም በቆርቆሮ፣
የሦስት ዓመት አቤቱታ በላስቲክ ታስሮ።
ይህ ዌልስ ነው፤ ዝናብ እንደ ዘመድ ሳይጠሩት ይመጣል፣
ከበጎቹ ቀድሞ አስፋልቱን ይግጣል።

ደንቡ አጭር ነው፣ ልጅም ይሸመድደዋል፤
አርባ ሚሊሜትር የጠለቀ ይደፈናል፣
ከአርባ ያነሰ በትዕግሥት ይታያል።
ጎማ ቢፈነዳም፣ ወገብ ቢቀጭም፣
አርባው ሳይሞላ ጉድጓድ አይባልም።

ከላንቬርግ ዳገት ሥር፣ ጅረቱ ሲሻገር፣
አንዲት ቀዳዳ ነበረች፣ ከታጠፈው አጥር፣
ለኔስታ መስኮት ቅርብ። የወተት ቦቴ ሲያልፍ
ሳህኗ ከመደርደሪያው እየዘለለ ሲረግፍ
አሥራ አንድ ደብዳቤ ላከች በገዛ እጇ፤
አሥራ አንዴም ሄድሁ፣ ተንበረከክሁ ከደጇ።
ጥቅምት ላይ ሠላሳ፣ ኅዳር ሠላሳ ሁለት፣
ከገና ማግሥት ደግሞ ሠላሳ ስምንት።
"ገና ነው" አልኋት።
                    በሩን ተደግፋ ሣቀች፤
"እንደ ልጅ ቁመት ነው የምትለካት?" አለች።
"እሺ፣ አርባዋ ሲሞላስ? እኛ ምን ልናረጋት?
ክርስትና ልናነሣት? ወይስ ተዝካር ልናወጣላት?"

መልስ ሳልሰጣት የትምህርት ቤት አውቶቡስ መጣ፣
ቀዳዳዋን ሊሸሽ ወደ ጅረቱ ጠርዝ ወጣ።
እንፋሎት በሸፈነው መስኮት አንድ ልጅ በጣቱ
ዓሣ ይሥላል፤
ጎማው ከአፋፉ አንድ ስንዝር ነው ርቀቱ።

ቅጹን አወጣሁ። ጣቴ ደንዝዞ ነበር።
"ጥልቀት" ከሚለው ፊት፣ ከባዶው መስመር፣
አርባ ብዬ ጻፍሁ።
                    ሁለት ሚሊሜትር።
የአንድ ሳንቲም ውፍረት፤ የጥፍር ጫፍ ነገር።

ሐሙስ ዕለት ጠጋኞች ትኩስ ሬንጅ ሞሉ፤
ኔስታ ሻይ አወጣች፣ በአጥሩ ላይ ተቀባበሉ።

መጋቢት ላይ ተቆጣጣሪው ኮሚቴ ጠራኝ።
ዘጠኝ ሰው በግማሽ ክብ ተቀምጦ አየኝ።
"ፎቶው ላይ ማስመሪያው ሠላሳ ስምንት ይላል"፣
ይላል ብሪንሞር፣ መነጽሩን ያወልቃል።
ሦስት ክረምት ጉድጓድ ያላየ ጉባኤው
የእኔን ሁለት ሚሊ በአጉሊ አየው።
ሁለት ሚሊሜትር ሁለት ሰዓት ፈጀ፤
ብስኩት ታደለ፣ አጀንዳው አረጀ።
አንዱ "መርህ" አለ፣ ሌላው "በጀት" አለ፣
አንዱ እንቅልፉን ሊደብቅ ወረቀት ገለጠ።
"ዛሬ ሁለት ብንፈቅድ ነገ አራት ነው" አሉ፤
እኔም በልቤ፣ "ጉድጓድም እንዲህ ነው አመሉ።"

መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፦ አውቶቡሱን፣ ዓሣውን፣
ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን፣ ሁሉንም።
ያን ጊዜ ማሬድ፣ ከዳር ያለችው፣ ዝምተኛዋ፣
እርሳሷን አስቀምጣ ቀና አለች ከወረቀቷ፤
"የወሩ ሬንጅ የተመጠነ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።
ያንተ ሠላሳ ስምንት የማንን አርባ አንድ ቀደመ? እስቲ ንገረን፣ ካወቅህ።"

አላወቅሁም።
ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ መለሰላት።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ታጠፈ።
ማታ ወደ ላይኛው ሸለቆ ነዳሁ፣ መብራቱ ካለፈ፣
ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከማይኖርበት በኩል፤
በባትሪ ፈለግሁ፣ አጥር ለአጥር ስል።
ድንጋይ ቤቱ ፈርሷል። መንገዱ ግን አለ፤
ማንም ባይሄድበትም የአውራጃው ነው ተብሎ ከካርታው ዋለ።
ከኩርባው ላይ አገኘሁት፣ ውሃ ሞልቶ፣
አንዲት በግ ትጠጣበታለች፤ የባትሪው ብርሃን ዓይኗን መትቶ
ቀና አለች፤ አልሸሸችም።
ተንበረከክሁ።
አርባ አንድ።
አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

ቅጹን ጭኔ ላይ ሞላሁት፤ ጥልቀት፣ ስፋት፣ ቀን፣ ቦታ።
"አመልካች" ከሚለው ስደርስ እጄ አመነታ።
በጓ ጆሮዋ ላይ ብጫ ምልክት አላት፤
ቁጥሯን አንብቤ ጻፍሁት።
ሐሰት አይደለም። የነገረችኝ እሷ ናት።