የነሐሴ ዓምድ

ልጆቹ ሄደዋል። አፉላ መሽቷል።
ሰባተኛ «ለ»ን መወልወል ጀመርኩ፤
ሰሌዳው ጥግ ላይ «አይጠፋ» ተብሏል፣
በኦስናት ቀይ ጠመኔ። ቆሜ አነበብኩ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማርኩት እንዲህ፣
መጥረጊያ ተደግፌ፣ ማንም ሳይጠራኝ፦
ልብን በቀስቶቹ፣ ቀዩ ወዲያ፣ ሰማያዊው ወዲህ፣
ሲሶን እንደ ሰንበት ዳቦ፣ ክቡ ተቆርሶልኝ።
ፊደሉ ሲያስቸግር ሥዕሉ መራኝ።

ዛሬ ዝናብ ነው። ዓሥራ ሁለት ወር፣
ዓሥራ ሁለት ዓምድ በሰማያዊ ቀለም፤
ጥር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መጋቢት ያጥራል፣
ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ምንም የለም።

ነሐሴ? ባዶ?
በወገራ ነሐሴ ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ
አዋላጇን ማዶ አስቀረብን፤
ኩራዙን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣
እናቴ ነጠላዋን ነክሳ።
ሲነጋ ለሕፃኑ ስም ፍለጋ አልሄድንም፤
ሙላት አልነው።

አረንጓዴውን አነሳሁ።
ከባዶው ጀምሬ ዓምዱን ሽቅብ ሳብኩት፣
ጥርን አለፈ፣ ርእሱን አለፈ፣
ሰሌዳው አለቀ፤ ጠርዙ ላይ ተውኩት።
ከሥሩ በራሴ ፊደል «ወገራ» ብዬ
መብራት አጥፍቼ ወጣሁ፣ እንደ ሌባ።

በማግስቱ ማታ ባልዲዬን ይዤ ስገባ
ዓምዴ እንዳለ አለ።
ከሌሎቹ ሰማያዊዎች ጎን ለጎን
ዓሥራ አንድ ባዶ ስፍራ፣
በልጆች እጅ ተንጋዶ የተሠመረ፣ ያልተቀባ።
አረንጓዴው ጠመኔ ጫፉ ተስሎ ተቀምጧል፤
በቀዩም፦ «የቀሩት ወራትስ?»