ለቀማ

ሥራዬ ለቀማ ነው፤ ደምበጫ፣ እህል በረንዳ፣
ሰፌዱ ከጉልበቴ፣ ከፊቴ የምስር ናዳ።
ዓይኔ ከከዳኝ ቆየ፤ ጣቴ ነው አሁን እሚያየው፣
ጠጠሩን ከምስር ፍሬ ዳስሶ እሚለየው።
ምስር ሲነኩት ይሸሻል፤ ጓል ሲጫኑት ይፈርሳል፤
ጠጠር ግን ካለበት ሆኖ ጣትን መልሶ ይነክሳል።
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የስንቱን ሰው ጥርስ አዳንኩ፤
የራሴን ደረት ግን፣ ወየው፣ አንድ ቀን መች ዳሰስኩ።

አንጓች፣ ታላቅ እኅቴ፣
ሁለት ክረምት ነጠላዋን አጥብቃ እያጣፋች፣
«አያመኝም'ኮ» እያለች ከሰው ዓይን ተሰወረች።
አያምማ! መጀመሪያውን መች ያማል፤
ሌባ ሲገባ ኮቴውን ማን ይሰማል?
ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነቁጥ ነቁጥ እስኪያወጣ፣
ጫፉ ወደ ውስጥ እስኪሸሽ፣ እንደ ተነካ ቀንድ አውጣ፣
አንድ ጡት ጠብተን አድገን፣ የሷን ግን አላሳየችኝም፤
እኔም ስትታጠብ ውኃ እየቀዳሁላት፣ ፊቴን አዞርኩ እንጂ አላየሁም።
ጸበል ወሰድናት፤ ደግ አደረግን፤ ግን እዚያው ከረምን፤
ሐኪም ፊት ስናቆማት፣ ከሷ ዓይን ሸሽቶ መሬት መሬቱን ሲያይ አየን።

ባገራችን ውለታ ቢስ «ጡት ነካሽ» ይባላል፤
ስንቱ ምስኪን በዚህ ስም ተሰድቧል!
እውነተኛው ጡት ነካሽ፣ ለካ፣ ከጡት ውስጥ ያድራል፣
ስሙን እንዳንጠራው ደግሞ እኛኑ ያሳፍራል።

ከጤና ኬላ የመጣች፣ ትሁኔ እምትባል ልጅ፣
ሴቶቹን ሰብስባ ከወፍጮ ቤቱ ደጅ፣
በቀሚሷ ላይ አሳየችን፦ «በጣት ጫፍ አይደለም፣ በሆዱ፤
ሦስቱን ጣት ገጥመሽ፣ ከብብት ይጀምራል መንገዱ፤
እንደ ሰፌድ ስፌት ዙሪያ፣ ዙሪያ፣ እስከ መሀሉ፣
ለስለስ አርገሽ፣ ጠንከር አርገሽ፣ ላይ ላዩም ውስጥ ውስጡም ሁሉ።»
«መቼ?» አልን። «የወር አበባ በሄደ በሳምንቱ።»
ሳቅሁ። «የኔስ ከሄደ ስንት ዓመቱ!»
«እንግዲያ ቀን ቁረጪ።» ሃያ አንድን ቆረጥኩ፤
ማርያም ናት፣ አልረሳትም፤ ከዚያ ወዲህ አላጓደልኩ።
(ጳጉሜ ብቻ ሃያ አንድ የላትም። እሷን ማርኳት።)

የካቲት ሃያ አንድ።
በግራዬ፣ ወደ ብብት፣
ሽምብራ።
ጣቴ ቆመ።
መልሼ ሄድኩበት፤ አልሸሸም፣ አልፈረሰም።
ውጭ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል፤ ውሻ መጮኹን አይተውም።
ለባሌ ለእንየው በጨለማ ነገርኩት፤ ዝም አለ፤ ዝም አለ፤
ሲነጋ ለዘር ያስቀመጠውን በቆሎ ጭኖ ገበያ ዋለ።
ደብረ ማርቆስ በመርፌ ወጉኝ፤ ባሕር ዳር ቆረጡኝ።
«ቀድመሽ መጣሽ» አለኝ ሐኪሙ፣ መሬት ሳያይ፣ እኔን እያየ።
ይችን ቃል አንጓች አልሰማቻትም።
ሦስት ፊደል ተኩል እማትሞላ ቃል፣ ቀድመሽ፣
ከአልጋው ላይ ሆኜ ስንቴ ደጋገምኳት።

ዛሬም ሃያ አንድ ነው። በሩን ገጠም አድርጌ፣
የቀረችኝን ቀኟን፣ የጠባሳውንም ዳር፣ በጣቴ ፈልጌ
ገና ዙሩን ሳልጨርስ፣
የአንጓች ልጅ፣ ፈንታነሽ፣ ሳታንኳኳ ገባች።
«እቴቴ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»
«ለቀማ» አልኳት።
ልትወጣ ዞረች።
ቆም አለች፤
ከዚያ መወርወሪያውን ከውስጥ ወረወረች።